እናቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች

ከአንባቢያን የሚደርሱንን የሕግ ጥያቄዎች 22 ዓመት በተከላካይ ጠበቃነት የሠሩት የአምዳችን አዘጋጅ ይመልሳሉ። የዚህ እትም ሦስት ደብዳቤዎች ስለ ሞት ቅጣት ናቸው።

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ የሕግ ይሁን የሆድ እኔም አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ የባጃጅ ሹፌር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ማታ ሁለት ሰዎች ኮንትራት ብለው ወሰዱት፤ ጠዋት መንገድ ዳር ሞቶ ተገኘ። ባጃጇን ሊሸጡ ሲሉ ተያዙ። አንዱ 22 ዓመት ተፈረደበት፣ ሌላው ሞት። ይግባኙም አልቆ ፍርዱ ከጸና ስድስት ዓመት አለፈ። ሰውየው ግን በሕይወት አለ። እናቴ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ ትላለች። «ተፈጸመ ሊሉን ይሆናል» ትላለች። እሱ ካልሞተ ጥቁሬን አላወልቅም ብላ እስከ ዛሬ እንደለበሰች ናት። ለምን ይህን ያህል ዘገየ? እኔስ ይሙት ልበል ወይስ ይቅር?

እህት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አንድ ሳምንት ዞርኩ። እናትሽን የማውቃቸው ያህል ነው የተሰማኝ። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የዘገየበትን ምክንያት ላስረዳሽ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 የሞት ቅጣትን አጥብቦ ነው ያስቀመጠው። ወንጀሉ እጅግ ከባድና ፍጻሜ ያገኘ፣ ቅጣት ማቅለያም የሌለው መሆን አለበት። ወንጀለኛው ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሞት ቢፈረድ እንኳ፣ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ካላጸደቀው አይፈጸምም። በይቅርታ ወይም በምሕረት አለመሻሩም መረጋገጥ አለበት። በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ይጽደቅ የሚል ቃል ግን አንቀጹ ውስጥ አታገኚም። ፍርድ ቤቶች ይፈርዳሉ፤ ፊርማው አይመጣም። ከ1983 ወዲህ መፈጸማቸው በይፋ የታወቀው የሞት ፍርዶች ሁለት ናቸው። አንዱ በ1990፣ ሌላው ሐምሌ 30 ቀን 1999። ሁለተኛው በ1993 የደኅንነት ሹሙን ክንፈ ገብረ መድኅንን የገደለው ሻለቃ ነው።

ስለዚህ እናትሽ የሚጠብቁት ስልክ የመደወሉ ዕድል በጣም ጠባብ ነው። ይህን እስከ ዛሬ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን የራሴን ልንገርሽ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወጣት ባለሱቅ ለገንዘብ ብሎ የገደለ ሰው ጠበቃ ሆኜ ተመደብኩ። ሰውየው ገድሏል። ይህን የምልሽ ጠበቃው የነበርኩት እኔ ነኝ። የምችለውን ተከራከርኩ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ይግባኙም አልሆነም። እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ሁልጊዜ ሸራ ጫማ ያደርጋል። ማሰሪያው ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ነው። አንድ ቀን እግሩ አብጦ ሲያነክስ አየሁትና ለምን ጫማህን ፈታ አታደርገውም አልኩት። «አላወልቀውም» አለኝ። «ስትተኛም?» «ስተኛም። ሌሊት ከጠሩኝ በባዶ እግሬ መሄድ አልፈልግም።» አራት ዓመት ጫማውን አጥብቆ አስሮ ተኛ። ሌሊት የብረት በር ድምፅ በሰማ ቁጥር ተነሥቶ ይቀመጣል።

በዚያው ሰሞን መዝገብ ቤት ወረፋ ይዤ ከፊቴ አንዲት እናት ቆመው ነበር። በፌስታል የተጠቀለለ የፍርድ ግልባጭ ይዘዋል። ወረቀቱ በየእጥፋቱ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል። ዞር አሉና «ልጄ፣ ዓይኔ አያይልኝም፤ ቀኑ ተጽፎበት እንደሆነ እስቲ እይልኝ» አሉኝ። ተቀብዬ ገለጥኩት። የተከሳሽ ጠበቃ በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው። የባለሱቁ እናት ነበሩ። «ቀን የለውም እማማ» ብዬ መለስኩላቸው። እኔ ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ገባሽ? በአንድ ፍርድ ሁለት ሰዎች እንቅልፍ አጥተዋል። አንዱ እንዳይመጣ ይጠብቃል፣ ሌላዋ እስኪመጣ። በመጨረሻ ቅጣቱ በይቅርታ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ለእናትየው የደወለ ሰው አልነበረም። ወሬውን የሰሙት ወፍጮ ቤት፣ ከጎረቤት ነው።

ኋላ ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን አገናኟቸው። እኔም ነበርኩ። ያን ዕለት ማንነቴን ነገርኳቸው። «ሳይሽ ጠርጥሬ ነበር» ብለው ዝም አሉ። ሰውየውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፤ «ሲሞት ውኃ ጠይቆህ ነበር?» አለቀሰ። «አዎ» አለ። «ሰጠኸው?» «አልሰጠሁትም።» ተነሥተው ወጡ። ይቅር አላሉትም። ግን ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤት ቆመው አላየኋቸውም።

እኔ የሞት ቅጣትን የምቃወመው ገዳይ ስለሚያሳዝነኝ አይደለም። ገዳይ ያሳዘነኝም ያላሳዘነኝም ጊዜ አለ። በአገራችን የሞት ፍርድ ለሟች ቤተሰብ የተሰጠ ቃል ነው። ቃሉ አይፈጸምም፤ አይሻርምም። በድሮው ሥርዓት፣ በፍትሐ ነገሥቱ ጊዜ፣ የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ከፈለጉ ይገድሉታል፤ ከፈለጉ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። ጭካኔው ይታየኛል፤ ያ ይመለስ አልልም። ግን በዚያ ዘመን የአንቺ እናት ሥልጣን ነበራቸው። ዛሬ መግደልም ምሕረት ማድረግም አይችሉም፤ የተተወላቸው መጠበቅ ነው።

«እንግዲያውስ ይፈጸምና እንረፍ» ትይኝ ይሆናል። ይህን እንዳልል የሚያደርገኝ ሌላ መዝገብ አለ። አንድ ልጅ በዝርፊያና በግድያ ሞት ተፈርዶበት ነበር። ሁለት ምስክሮች በሌሊት አየነው ብለዋል። እህቱ ወረቀት የማትጥል ሰው ናት። ከብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የሆስፒታል ካርዱን አወጣችልኝ። ግድያው በተፈጸመበት ሌሊት እግሩ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ነበር። ይግባኝ ላይ ነጻ ወጣ። የታሰረው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ነው። ያ ፍርድ ቶሎ ተፈጽሞ ቢሆን ካርዱን ለማን እሰጥ ነበር? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነጻ የተባሉት 200 ደርሰዋል። ገንዘብ፣ የምርመራ መሣሪያና ጠበቃ በሞላበት አገር ማለት ነው።

አሁን ምን ታደርጊ? ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤትና ሰውየው ላለበት ማረሚያ ቤት በጽሑፍ ጠይቂ፤ ፍርዱ ምን ደረጃ ላይ ነው፣ የይቅርታ ጥያቄ ቀርቧል ወይ ብለሽ። የቃል መልስ አትቀበይ፤ ወረቀት ይሁን። የካሳ ጥያቄ አቅርባችሁ ካልነበረ ጊዜው አልፎ እንደሆነ አንድ ጠበቃ መዝገቡን ይይላችሁ። ሽማግሌ ከመጣ እናትሽን ማንም አይጫናቸው፤ የይቅርታ ጥያቄ ሲታይ ከተበዳይ ቤተሰብ ጋር የተደረገ እርቅ ክብደት አለው፣ ስለዚህ ግፊት ይኖራል። ይቅር ማለት ግዴታቸው አይደለም። አንቺም ይሙት ወይም ይቅር ብለሽ የመምረጥ ዕዳ የለብሽም። ብቻ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ያ ስልክ ላይደወል ይችላል በያቸው። ከገዳዩ አፍ መስማት የሚፈልጉት ነገር ካለም ጠይቂያቸው።

ጥያቄ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ የሕግ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የሞት ቅጣት ይቅር አይቅር የሚል ክርክር ሰጥቶን «ይቅር» የሚለው ወገን ደረሰኝ። እኔ ግን አላምንበትም። ባሕር ዳር የሰባት ዓመት ሕፃን የገደለው ሰው 25 ዓመት ሲፈረድበት ደሜ ፈልቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ካልሞተ ማን ሊሞት ነው? ደግሞስ ቅጣቱ ከሌለ ማን ይፈራል?

ተማሪ፣ ከጎንደር

መልስ

ልጄ፣ የዚያችን ሕፃን ጉዳይ በ2016 ነሐሴ ስሰማ እኔም አልቅሻለሁ። ቁጣህ ልክ ነው። ክርክርህ ላይም አትደብቀው። የማይቆጣ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ባይናገር ይሻላል።

ፍርሃትን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። በሥራ ዘመኔ ያነጋገርኳቸው ገዳዮች አንዱም ቅጣቱን አስልቶ አልገደለም። ወይ ሰክሯል፣ ወይ ተናዷል፣ ወይ አልያዝም ብሏል። አልያዝም ያለን ሰው የሚያስፈራው መያዙ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 የነበሩትን ጥናቶች መርምሮ፣ የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንሳል ወይም አይቀንስም ለማለት አይጠቅሙም ብሏል። በዚህ ነጥብ ክርክርህን አታንዛዛው።

ተቃራኒ ወገንህ ሊያነሣው የሚችለውን ጠንካራ ነጥብ ልንገርህ። የጎጃም ሰው የሆኑ አንድ አንጋፋ ዳኛ ነበሩ፤ ብዙ ተከራክረናል። «አንቺ ከተሜ ነሽ» ይሉኛል። «ገጠር መንግሥት ገዳይን ካልገደለ ወንድም ጠመንጃ ያነሣል። አንድ ሞት ስትከለክዪ አምስት ታመጫለሽ።» ይህን የሚሉት ከወሬ አይደለም፤ ደም ሲመላለስ በሰባት ዓመት ውስጥ ወንድ ያለቀበት ቤት ያውቃሉ። ለረጅም ጊዜ መልስ አጥቼ ኖሬያለሁ። አሁን የምለው ይህ ነው፦ እሳቸው ባዩት አገር የሞት ቅጣት በሕጉ ነበረ፤ ደሙም ይመላለስ ነበር። ደም የሚደርቀው ሽማግሌ፣ ካሳና እርቅ ሲገባ ነው። ገዳይ ቶሎ ተይዞ ጉዳዩ በሰው ፊት ሲሰማም ይደርቃል። ግን ነጥባቸው ተራ አይደለም፤ አክብረህ መልስለት።

አሁን ወደ ትልቁ ጉዳይ። ማን ሊሞት ነው ስትል እኔ የማስበው ደርግን ነው። በኅዳር 1967 ስልሳ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ያ ትውልድ የእኔ ትውልድ ነው፤ አብረውኝ ከተማሩት ውስጥ የት እንደተቀበሩ የማይታወቁ አሉ። በደርግ ሰዎች ላይ ያልተፈጸመ የሞት ቅጣት በማን ላይ ሊፈጸም ነው?

የሆነውን ተመልከት። ችሎቱ በ1987 ተጀምሮ 12 ዓመት ወሰደ። ከ5,000 በላይ ሰው ተከሷል። በ1999 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ባልደረቦቹ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተብለው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በግንቦት 2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 ባለሥልጣናትን ሞት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። ከ1983 ጀምሮ የታሰሩት 20 ዓመታቸውን ጨርሰው ስለነበር በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ ወጡ። መንግሥቱ ዚምባብዌ ተቀምጧል። ዚምባብዌም ራሷ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የሞት ቅጣትን ከሕጓ አወጣች።

እዚህ ላይ አንተን የሚጠቅምህ ነገር አለ። ሁለት የደርግ ባለሥልጣናት፣ ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ፣ በግንቦት 1983 አዲስ አበባ ጣሊያን ኤምባሲ ገቡ። ጣሊያን የሞት ቅጣት ላለበት ፍርድ አሳልፌ አልሰጥም አለች። ወደ 30 ዓመት ያህል እዚያው ግቢ ውስጥ ኖሩ። በ2013 ነው ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተለውጦ በአመክሮ የወጡት። የሞት ቅጣት በሕጋችን ባይኖር ኖሮ ጣሊያን ያንን ምክንያት ማቅረብ አትችልም ነበር። ችሎት ቆመው፣ የሟች እናቶች ፊት ለፊት እያዩዋቸው፣ ሊጠየቁ ይችሉ ነበር። ያስጠለላቸው የሞት ቅጣቱ ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ሩዋንዳ ይህንን ቀድማ ተረዳችው። ከእኛ የበለጠ ምክንያት ነበራት፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝቧ አልቋል። ሆኖም በ2007 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን አነሣች። አንዱ ምክንያት ውጭ የሸሹት ተጠርጣሪዎች ነበሩ፤ የሩዋንዳን ጉዳይ ያይ የነበረው የአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤትና ሌሎች አገሮች ሞት ወዳለበት አናስተላልፍም ይሉ ነበር። ገዳዮቿን አገሯ ላይ ለመዳኘት ስትል የሞት ቅጣቱን ተወች። ክርክርህን ከዚህ ብትጀምር መምህርህ ቀና ብሎ ያይሃል።

የቀይ ሽብር እናቶችንም አትርሳ። መስቀል አደባባይ ያለውን የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሄደህ ካላየህ ከክርክሩ በፊት ሂድ። ከጅምላ መቃብር የወጣው አፅም፣ ልብስና ፎቶ እዚያ አለ። አፅም ያገኙ ቤተሰቦች ቀበሩ፤ ያላገኙት ዛሬም ይፈልጋሉ። የሞተ ገዳይ የት እንደቀበረ አይናገርም።

አንድ ነገር ግን ለተቃራኒ ወገንህ በታማኝነት እመንለት። ዕድሜ ልክ ማለት 20 ዓመት ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ የሕፃኗ እናት ቅር ቢላቸው እውነት አላቸው። ሞትን ይቅር የምንል ሰዎች ለዚህ መልስ ማምጣት አለብን። እኔ ሕፃን ገድሎ የተፈረደበት ሰው አመክሮ ሲጠይቅ የሟች ቤተሰብ ተጠርቶ ይሰማ፣ 20 ዓመቱም ይራዘም ባይ ነኝ። አንተ ካልተስማማህ የራስህን አቅርብ። ብቻ የማታምንበትን አትናገር፤ ሰሚ ያውቅብሃል።

ጥያቄ

እማ፣ ከጅዳ ነው የምጽፈው። የቤት ሠራተኛ ነኝ። ወንድሜ በየመን በኩል ሲገባ ተይዞ ሐሺሽ ተገኘብህ ብለው አስረውታል። ሞት ሊፈረድበት ይችላል ይላሉ። አንድ ሰው ገንዘብ ከተሰበሰበ በዲያ ይወጣል ብሎኛል። ምን ላድርግ?

መልስ

ልጄ፣ ገንዘቡን አትስጪው። ዲያ የሚባለው የደም ካሳ በነፍስ ግድያ ጉዳይ ነው፤ የሟች ወራሾች ተቀብለው ሲምሩ ገዳዩ ከሞት ይተርፋል። በዕፅ ጉዳይ ግን የሚምር የሟች ቤተሰብ የለም። ዲያ እከፍልልሻለሁ ያለሽ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ እያታለለሽ ነው።

ፍርሃትሽ ከባዶ የመጣ አይደለም። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ300 በላይ ሰዎች ላይ የሞት ቅጣት ፈጽማለች፤ በዕፅ ጉዳይ የተገደሉ ኢትዮጵያውያንም አሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ጅዳ ያለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ሂጂ። አንድ አገር የሌላ አገር ዜጋ ሲያስር፣ ታሳሪው ከጠየቀ ለቆንስላው ማሳወቅ አለበት። የቆንስላ ሰዎችም የመጎብኘትና ጠበቃ የማፈላለግ መብት አላቸው። ይህ በ1963 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የቪየና ስምምነት የተጻፈ ነው። በቃል ብቻ አትንገሪያቸው፤ ደብዳቤ አስገብተሽ ቅጂው ላይ አስፈርሚ። ወንድምሽን በስልክ ካገኘሽው ሁለት ነገር ንገሪው። የማያነበውን የዓረብኛ ወረቀት አይፈርም። ችሎት ላይ አስተርጓሚ ከሌለው «አልገባኝም» ይበል፤ ደጋግሞ ይበል።

አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብ ደግሞ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በዚያው ቀን ያመልክት። መንግሥታችን ለልጆቹ ምሕረት ሲለምን፣ የራሱን ሕግ ቢያስተካክል ልመናው ይሰማ ነበር፤ ለዚህም ነው ይህን አምድ የምጽፈው። አንቺ ግን ያንን አትጠብቂ። የወንድምሽን ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ የታሰረበትን ከተማና የተያዘበትን ቀን ጽፈሽ በአምዱ አድራሻ ላኪልኝ። ስሙን አናትመውም። የቆንስላውን ደብዳቤ አብረን እንጽፈዋለን።